የእናቴን አጥንት ምስጢር ስለጠበቃችሁልኝ

ለአጥንት ጤናና እርጅና ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ግልባጭ፦ በማዕከሉ መጠበቂያ ክፍል አብረውን ለተቀመጡ አረጋውያንና ለልጆቻቸው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ወገብዎ ቀጥ እንዳለ እንዲኖር፣ ከቢሮዎ ሕንፃ መግቢያ እስከ መኪናዎ ያሉትን ሰባት ደረጃዎችም ዕድሜ ልክዎን በገዛ እግርዎ እንዲወርዷቸው ከልብ እመኝልዎታለሁ። ደረጃዎቹን የቆጠርኳቸው ለክፋት እንዳይመስልዎ። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ የትም ስሄድ ደረጃ እቆጥራለሁ፤ እርጥብ ወለል ሳይ እግሬ ይያዛል፤ ከኋላዬ አንድ ነገር ጓ ሲል ማን ወደቀ ብዬ እዞራለሁ። ይህን ደብዳቤ እንኳ የምጽፈው የመኝታ ክፍሉን በር ከፍቼ፣ አንድ ጆሮዬን ወደዚያ ጥዬ ነው። ስለዚህ ነገሬ መሐል ላይ ቢቆረጥብዎ፣ አክብሮት አጥቼ ሳይሆን ብድግ ብዬ ሮጬ እንደሆነ ይረዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። መንገዱን በሚያየው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ይዤ እሠራለሁ። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት አገልግላ በጡረታ የወጣች ናት። ሰፈርተኛው «እማማ ሃሎ» ይላታል። በእናንተ መዝገብ ግን «ተሳታፊ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» ናት። ማዕከላችሁ ሁሉን ነገር በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚወድ ስለማውቅ፣ እኔም አቤቱታዬንና ምስጋናዬን በቁጥር ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ አመሰግናለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከማዕከላችሁ የተላኩ ሁለት ሰዎች በጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኝተው፣ የአረጋውያንን አጥንት እንደምታጠኑ፣ ሥራውም ለመጪው ትውልድ ጤና የሚበጅ መሆኑን አስረድተው ፈቃደኞችን ሲጠይቁ፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው እናቴ ነበረች። ዘጠኝ ገጽ ቅጽ ሰጧት። መነጽሯን ቤት ስለረሳች እኔ እያነበብኩላት ፈረመች። ስድስተኛው ገጽ ላይ «የግል ውጤት ለተሳታፊው የሚገለጸው ጥናቱ ሲጠናቀቅ ብቻ ይሆናል» የሚል መስመር ነበረበት። አንብቤዋለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ተማሪ ተፈትኖ ውጤቱን እንደሚጠብቀው ያለ ነገር መሰለኝና አለፍኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም አልጠረጠርኩም።

ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ እናቴ ደህና ጫማዋን ታደርጋለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍረን እንመጣለን። ብርድ ብርድ በሚለው ክፍል ውስጥ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የማሽኑ ክንድ ከራስጌዋ እስከ ግርጌዋ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሁልጊዜ ስትነሣ የማሽኑን ባለሙያ «እንዴት ነው ልጄ፣ አጥንቴ?» ትለዋለች። እሱም ሁልጊዜ «በጣም ጥሩ አድርገው ነው የተኙት፣ እማማ» ይላታል። እናቴ ይህን የምስክር ወረቀት ያህል ቆጥራ ሰፈር ውስጥ «ማሽኑ ሳይቀር አመሰገነኝ» እያለች ታወራ ነበር። ጥሩ መተኛትና ጥሩ አጥንት ለየቅል መሆናቸውን የነገራት አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ልኬታችሁ ትክክለኛነት። እኔም በሙያዬ ለኪ ነኝ፤ መሣሪያዬ ሜትር ብቻ ቢሆንም። የእናቴን ቀሚስ የምሰፋላት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት የቀሚሷ ጠርዝ ጫማዋን መርገጥ ጀመረ። «ጨርቁ ለቀቀ» አልኩና አሳጠርኩት። በሁለተኛው ዓመት ሌላው ቀሚሷም መሬት ጠረገ። ተረከዟ ዝቅ ያለ ጫማ መግዛቷ ነው ብዬ እሱንም አሳጠርኩ። የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር ውስጥ የእሷም አለ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አራት ሴንቲ ሜትር አጥራለች። አራት ሴንቲ ሜትር ሙሉ እናቴ ከእጄ ላይ ስትጎድል፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጠርዝ እሸነሽን ነበር። እናንተ በማሽን፣ እኔ በሜትር፣ ሁለታችንም አንዱን ነገር ለካን። እኔ የለካሁት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እናንተ ግን ታውቁ ነበር። በዚህ ትበልጡኛላችሁ፤ ብልጫችሁንም በአደባባይ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስጢር ጠባቂነታችሁ። የሰው ጉዳይ ሁሉ በየመንገዱ በሚዘራበት ዘመን፣ የእናቴን አጥንት ምስጢር ከራሷ ከእናቴ እንኳ ደብቃችሁ ማቆየታችሁ የሚደነቅ ነው። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ከመካከላችሁ ዝምታው የከበዳት አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። በአራተኛው ቀጠሮ እናቴን ጫማ ለማልበስ ጎንበስ እንዳለች፣ ቀና ሳትል «እቤታችሁ ምንጣፍ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለ» አልኳት።

«ባይኖር ይሻላል» አለችኝ።

እኔ የአቧራ ነገር መስሎኝ «በየሳምንቱ አራግፈዋለሁ እኮ» ብዬ መለስኩላት። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰው ሲገባ መልሳ ዘጋችው። ያ አስተያየቷ አሁን በቀን ሃያ ጊዜ ይመጣብኛል፤ ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ። ነርሷን ለመቅጣት አስበው ከሆነ ዘግይተዋል። በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን ለቃለች፤ ይህንንም እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷው ናት።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎ ይድረሰኝ።

ማክሰኞ ነበር፤ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ። እኔ በፊት ክፍል የተማሪዎች የደንብ ልብስ እየሰፋሁ ነው። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ቁልፎችን በየመጠናቸው ትለይልኛለች። ስልኩ ጮኸ። እናቴ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ አንድም ሰው ሦስት ጥሪ አስጠብቃ አታውቅም፤ ጡረታ ወጥታም ያ ልማድ አልለቀቃትም። ሁለተኛው ሲጠራ ወንበሯ ሲገፋ ሰማሁ። ከዚያ ቁልፎቹ ሲበተኑ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ድምፅ። እኔ ጨርቅ ሲቀደድ አውቃለሁ፣ መርፌ ሲሰበር አውቃለሁ፣ የመኪና ቀበቶ ሲበጠስ አውቃለሁ። ያንን ድምፅ ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቢሆንም ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

ስደርስ በቀኝ ጎኗ ወድቃለች። የምንጣፉ ጫፍ ተገልብጧል። ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። አላለቀሰችም። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ «ስልኩን አንሺው፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ማሰቢያዬ ጠፍቶ ነበርና አነሣሁት። ለስላሳ ድምፅ ያላት አንዲት ልጅ ከማዕከላችሁ እንደምትደውል ነገረችኝ፤ ነገ ስድስተኛው ቀጠሮ መሆኑን ለማስታወስ ነው፤ እናቴ ምቹ ጫማ አድርጋ እንድትመጣ ይመከራል። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ እናቴ እግሬ ሥር ተኝታ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። አመሰገንኩ።

ጎረቤታችን አናጢው ጩኸቴን ሰምቶ ከነመጋዝ ብናኙ ሮጦ መጣ። ሊያነሣት እጁን ዘረጋና «እትዬ፣ የት ጋ ልያዝዎት?» ቢላት፣ «የትም አትያዘኝ» አለችው። ተመልሶ ሄዶ ያላለቀ የቁም ሣጥን በር ይዞ መጣ፤ እሱ ላይ አድርገን፣ መኪና ለምነን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። መንገዱን ሁሉ አንጓዬን ጨብጣ «አትልቀቂኝ፣ ወለሉ እየሰመጠ ነው» ትለኝ ነበር። ከሥሯ ያለው ወለል ሳይሆን የመኪና ወንበር ላይ የተጋደመ በር መሆኑን ብነግራትም አልሰማችኝም። የጣቶቿ ምልክት አንጓዬ ላይ ሳምንት ቆየ።

ቀዶ ሐኪሙ ከኔ የመጨረሻ ወንድም የሚያንስ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው።

«የእናትዎ አጥንት ተለክቶ ያውቃል?»

«አምስት ጊዜ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አምስት ጊዜ? ውጤቱ ምን ይላል ታዲያ?»

«አልተነገረንም። ምስጢር ነው።»

«ከማን?» አለኝ።

 ጥያቄውን ምናልባት መልሱ እርስዎ ጋ ካለ ብዬ እዚህ ላይ አስፍሬዋለሁ። ሐኪሙ ቀጥሎ እንዲህ ያለ አጥንት በአንድ ጀምበር እንደማይሳሳ፣ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ቀድሞ ከታወቀ ግን የሚያዘገየው መድኃኒት እንዳለ ነገረኝና፣ ፊቴን ሲያይ ነገሩን አቋረጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ የሚቀር ሰው ሳንባውም፣ ደሙም፣ ልቡም ይታመማል። ቶሎ መቆም አለባት» አለኝ። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግላት ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዋን በፌስታል ይዤ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው ሰው ወደ እኔ እንዳይመጣ እጸልይ ነበር፤ መጥፎ ወሬ የሚያመጣ ሰው አረማመዱ እንዴት እንደሆነ አላውቅምና ሁሉንም ፈራሁ።

ብረት ገብቶላት በሕይወት ወጣች።

አራተኛ፣ ስለ ደብዳቤያችሁ። እናቴ ከወደቀች በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ማኅተሙ ያማረ አንድ ፖስታ ከማዕከላችሁ ደረሰን። በውስጡ የአምስቱም ልኬት ውጤት በሠንጠረዥ ተቀምጦ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ከፍተኛ የስብራት ስጋት» ይላል። አምስት ጊዜ፣ አምስቱም መስመር ላይ፣ በቀይ። ከሥሩም ለተሳታፊዋ የሚጠቅሙ ምክሮች ተዘርዝረዋል፦ ከመውደቅ ይጠንቀቁ፤ ተንሸራታች ምንጣፍ ከቤትዎ ያስወግዱ፤ ስልክ ሲጠራ አይቸኩሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ድሮ የምንስቅበት ነበር። አነበብኩትና ወረቀቱን ከእናቴ ደበቅሁት። እነሆ እኔም ቆይቼ እስክነግራት ድረስ ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ፤ ከእናንተ ተማርኩ።

ውጤቱ ከጊዜው በፊት ለምን እንደተላከ የሚገልጽም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ተሳታፊዋ የጥናቱ መዳረሻ ነጥብ ላይ ስለደረሱ ተሳትፏቸው በስኬት ተጠናቋል፤ ለአስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን።» መዳረሻ ነጥብ ምን እንደሆነ አልገባኝምና ለቀዶ ሐኪሙ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «የዚህ ጥናት መዳረሻ ስብራት ነው» አለኝ። «ሰው ሲሰበር ተሳትፎው ያበቃል።» እንግዲህ እናቴ ስትወድቅ ተሳካላት ማለት ነው። 

አምስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በክብር ስለተቀበሉኝ። ውሃ አስቀረቡልኝ፤ ወንበር ሳቡልኝ፤ ስለ እናቴ ያዘኑትም ከልብዎ እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያም ለተሳታፊዎች ውጤታቸው ቢነገራቸው እንደሚጠነቀቁ፣ መድኃኒትም እንደሚጀምሩ፣ ያኔ አጥንት በተፈጥሮው እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ማወቅ እንደማይቻል በትዕግሥት አስረዱኝ። «እናቴ ብትጠነቀቅ ኖሮ ጥናቱ ይበላሽ ነበር ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «በመጠኑ» አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን ይዋሽ ነበር።

እኔ የምርምር ጠላት አይደለሁም። የእናቴን ዳሌ አገጣጥሞ የያዘው ብረት፣ ያስተኛት መድኃኒት፣ ሁሉም አንድ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ስለመረመረ የተገኘ ነው። እናቴም እጇን ያወጣችው ይህን አምና ነው። ግን ከቢሮዎ ልወጣ ስል «ሌሎቹስ? ስንት ናቸው?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ወደ ሦስት መቶ ስልሳ እንደሚሆኑና ጥናቱ ሊያልቅ ሁለት ዓመት እንደሚቀረው፣ የአየር ጠባይ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው ነገሩኝ።

ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት እስካሁን አለቀቀኝም። ሰባቱን ደረጃ ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። በመጠበቂያ ክፍላችሁ የተዋወቅኋቸው ሰዎች በዓይኔ ላይ መጡብኝ፦ ሰማንያን ሊደፍን እየተቃረበ አሁንም ተዘቅዝቆ ለመቆም የሚሞክረው የስፖርት አስተማሪ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ፀጉር አስተካካይ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱት መንታ እኅትማማቾች፣ አንዷ ብትወድቅ ሌላዋንም ይዛት የምትወድቀው። ከእነርሱ የማንኛቸው አጥንት እንደ እናቴ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እነሱም አያውቁም። እርስዎ ያውቃሉ። ከጠረጴዛዎ በስተጀርባ ባለው ግራጫ ቁም ሣጥን ውስጥ ስማቸው ከቀዩ መስመር ጋር ተቀምጧል፤ እነሱ ግን በዚያው ሰዓት የሆነ ቦታ ላይ ወንበር ላይ ቆመው መጋረጃ እየሰቀሉ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝምታችሁ አልነቀዘም። የነቀዘው በዝምታው ሥር ያለው አጥንት ነው።

ስድስተኛው የራሴ ጉዳይ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። አንድ ቀን መቀስ ከእጄ ወደቀና ላነሣው ጎንበስ ስል መሐል ላይ ቆምኩ። ወገቤ ቀጭ ቢልስ? ከዚያች ቀን ጀምሮ መቀስ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ደንበኞቼ ለሥራ ቅልጥፍና ይመስላቸዋል። ግድግዳ ላይ ተደግፌ ቁመቴን ብለካ መታወቂያዬ ላይ ካለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎደለኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ለካሁ፤ ሜትሩን ቀይሬም ለካሁ። ወደ ማዕከላችሁ መጥቼ እንድትለኩኝ ብለምን፣ እንግዳ ተቀባይዋ በጨዋ አነጋገር «ለምርመራ ነው ለምርምር?» አለችኝ። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላት፣ «ለምርመራ ከሆነ እኛ ጋ አገልግሎቱ የለም። ለምርምር ከሆነ ዕድሜዎ ስልሳ አምስት መሙላት አለበት» አለችኝ። ስምንት ዓመት ይቀረኛል። እስከዚያ ጥሩ አድርጌ መተኛት እለማመዳለሁ።

ሰባተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያችሁ። ሥራዋን የለቀቀችው ነርስ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ድረስ መጣች። የሚሰፋ ነገር የያዘች መስሎኝ ነበር፤ ባዶ እጇን ነበረች። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም። «ያን ቀን በግልጽ ብነግራችሁ ኖሮ» አለችና አለቀሰች።  ልቆጣት ሳምንታት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን እሷም እንደኔው ስትፈራ የኖረች ሰው ሆና አገኘኋት። ተያይዘን ወደ ጡረተኞች ማኅበር ሄድን። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ የሆነውን ሁሉ ግን ተናገርኩ። በማሽናችሁ የተለኩ አርባ አንድ ተሳታፊዎች ውጤታችን ይነገረን ብለው ፈረሙ። እናንተ አልመለሳችሁላቸውም። ቀዶ ሐኪሙ ግን በሐኪም ቤቱ ያለውን አሮጌ ማሽን አስጠግኖ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ እስካሁን አሥራ አራቱን ለክቷል። ዘጠኙ የእናቴ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ከዘጠኙ አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ከመለካቱ በፊት በነበረው ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ የሱቁን ጣራ ሲቀባ ውሏል። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ እጁ ግን የወንበሩን ክንድ አልለቀቀም። አሁን መድኃኒት ጀምሯል። መሰላሉንም ለአናጢው ሰጥቶታል።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ከሕግ ክፍላችሁ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከተሳታፊዎች ጋር መነጋገሬ የጥናቱን ጥራት እንደሚጎዳና ተጠያቂ ሊያደርገኝ እንደሚችል ይገልጻል። አልዋሽዎትም፣ ደነገጥኩ። እኔ ፖሊስ ጣቢያ በር አልፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። እርስዎንም እፈራለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ስልክም እፈራለሁ። ግን ያን የማክሰኞ ድምፅ ከሌላ ሰው ቤት መስማትን ከዚህ ሁሉ አብልጬ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ልኬዋለሁ።

ስለ እናቴ ጤንነት መጠየቅዎ ስለማይቀር ልንገርዎ። ሁለት ወር ሙሉ እግሯን መሬት ላይ አላሳርፍም ብላ ነበር። እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ትከሻ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ለምናም ተቆጥታም አልሆነላትም። እናቴ የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ «ወለሉ አይታመንም» ትል ነበር። በመጨረሻ መውጫውን ያገኘችው ራሷ እናቴ ናት። አሁን ልትነሣ ስትል እኔን ፊት ለፊቷ ታቆመኛለች፤ እንደ ድሮ ሥራዋ ጠንከር ባለ ድምፅ ትጠይቀኛለች።

«ወለሉ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«መንገዱ ላይ ዕቃ አለ?»

«የለም፣ እማዬ።»

«መስመሩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

ያኔ ትረግጣለች። ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ከአልጋው እስከ መስኮቱ። እሷ ወደፊት፣ እኔ ወደኋላ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ መንገዱን አየችና «ይሄ ሁሉ ሰው ሳይጠይቅ ነው እንዴ የሚረግጠው?» አለችኝ። ሐኪሙን ያስፈራው ዓመት ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። አንዱንም ቀን አልተማመንበትም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ያን ግራጫ ቁም ሣጥን ይክፈቱት። ለእያንዳንዳቸው በቤታቸው፣ በስማቸው፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው። ጥናቱ ይበላሽ፤ በመጠኑ። እርስዎ ካልከፈቱት ግን፣ ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ልጆች፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ በዚያ ማሽን ላይ ተኝተው ከተነሡ የማንንም መዳረሻ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ በቀስታ፣ ክንዳቸውን ይዛችሁ።

ለሳይንስ ያለዎትን ጽኑ ታማኝነት እያደነቅሁ፣ በዕድሜዎ ላይ ዕድሜ፣ በአጥንትዎ ላይ ብርታት እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ቀጣዩን የሕግ ክፍል ደብዳቤ ለመቀበል ከበሩ አጠገብ በጥንቃቄ ቆሜ የምጠብቅ፣ ለጥናታችሁ ስምንት ዓመት የሚጎድላትና ሁለት ሴንቲ ሜትር የጎደላት፣

የተሳታፊ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ «የተሳታፊዎች እርካታ መጠይቅ» በሚል ርእስ የላካችሁት ቅጽ ትናንት ደርሶናል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ትራስ ተደግፋ፣ በራሷ እጅ ሞልታዋለች። «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ለሚለው ምልክት ሳታደርግ አልፋዋለች። «ጥናቱን ለሌላ ሰው ይመክራሉ?» ለሚለው «አዎ» ላይ ምልክት አድርጋ፣ «ለማን?» በሚለው ባዶ ቦታ «ለዳይሬክተሩ እናት» ብላ ጽፋለች። እኔ ለማንም እናት አልመኝምና ልሰርዘው ብለምናት እምቢ አለችኝ። «ተይው» አለችኝ፤ «እሳቸውም አንድ ሌሊት ይፍሩ።»